የድሮ የሌሊት ልብስ ስገዛ ገልብጬ የማየው

የድሮ የውስጥ ልብስ መግዛት የጀመርኩት ለመሰብሰብ አስቤ ሳይሆን ቸግሮኝ ነው። ለፋሲካ ከአዲስ አበባ የተላከልኝ የሐበሻ ቀሚስ ሸማው ስስ ስለ ነበር ከሥሩ የሚለበስ ነገር ያስፈልገው ነበር፤ እዚህ ሜሪላንድ በአዳዲስ ልብስ መደብሮች ያገኘሁት ግን ወይ ገላ ላይ የሚጣበቅ ወይ ከጉልበት በላይ የሚቀር ሆነብኝ። በመጨረሻ ልባሽ ልብስ በሚሸጥበት ቤት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ጠርዙ በአራት ጣት ስፋት ዳንቴል የተከፈፈ ነጭ የናይለን የውስጥ ጉርድ በ6 ዶላር አገኘሁ። ቤቴ ገብቼ ስገለብጠው የውስጡ ስፌት ከውጩ ያላነሰ ንጹሕ መሆኑን አየሁ፤ ማንም እንዲያየው ባልታሰበ ልብስ ላይ ይህን ያህል የተጨነቀች ሰፊ ማን ትሆን ብዬ ማሰብ የጀመርኩት ያን ዕለት ነው።

ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ 11 የውስጥ ቀሚስና ጉርድ፣ 7 የሌሊት ልብስ፣ 2 ጋዋን አሉ። የእናቴ ታላቅ እህት በስልክ ይህን ስነግራቸው «የሙት ልብስ ለብሰሽ ትተኛለሽ?» ብለው አማተቡ። በከፊል እውነታቸውን ነው፤ ከሚሸጠው ልብስ ብዙው ባለቤቷ አርፋ ወይም ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገብታ ቤቷ ሲራገፍ የሚወጣ ነው። ይሁን እንጂ ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ 50 ዓመት የቆየ፣ ዋጋ የተጻፈበት ካርቶን እንኳ ያልተነሣለት ልብስም ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ለእንግዳ ቀን ተብሎ የተቀመጠ ነገር በእኛ ቤት ብቻ የሚገኝ አይደለም።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውን እኔም ተሳስቻለሁ፤ በሦስተኛው ግዢዬ ወደ ሐር ሮጥኩ። በኮክ ቀለም የተነከረ፣ የ1920ዎቹ ነው የተባለልኝን የሌሊት ልብስ በ85 ዶላር ገዝቼ በመጀመሪያው ሌሊት በተኛሁበት ስገላበጥ ወገቡ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጠቀ። ምክንያቱን ኋላ ላይ ተረዳሁ። ጥሬ ሐር በሳሙና ተቀቅሎ ሙጫው ሲለቅ ከክብደቱ ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነውን ያጣል፤ ሐር ይሸጥ የነበረው ደግሞ በክብደት ስለ ሆነ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የነበሩ አምራቾች የጎደለውን ለመሙላት፣ አንዳንዴም ለማስበለጥ፣ ጨርቁን በብረታ ብረት ጨው፣ በተለይም በቲን ጨው ይነክሩት ነበር። ጨርቁ ለጊዜው ከበድ ብሎ በደንብ ይወርዳል፤ ጨዉ ግን ውሎ አድሮ ክሩን ይበላዋል፤ ብርሃንና ላብ ደግሞ ያፋጥኑታል። ስለዚህ አሁን ሐር ስመለከት በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቼ የታጠፈበትን መስመር አያለሁ፤ በመስመሩ ላይ ደቃቅ ስንጥቆች ከታዩ፣ ወይም በጣት ሲያሹት እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ፣ ምንም ቢያምር መልሼ እሰቅለዋለሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የምመክረው ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ የተሠራውን የአሜሪካ ናይለን ነው። ዱፖንት የተባለው ኩባንያ ናይለንን ለሕዝብ ያስታወቀው በ1938 ሲሆን፣ የናይለን ስቶኪንግ በመላ አሜሪካ ለሽያጭ የቀረበው በግንቦት 1940 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እየጻፍኩ ነው)። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ ናይለኑን ለፓራሹትና ለገመድ ወሰደው፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለስ ግን ከስቶኪንግ አልፎ የውስጥ ቀሚሱንና የሌሊት ልብሱን ያዘው። ብል አይደፍረውም፣ ማታ ታጥቦ ጠዋት ይደርቃል፣ በቀላሉም አይቀደድም። ነውሩ ነጩ ከሌላ ልብስ ጋር ሲታጠብ ቀለም መጠጣቱና በጊዜ ብዛት መገርጣቱ ነው፤ ስለዚህ ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ በእጅ ይታጠባል። የጋለ ካውያ ያቀልጠዋልና አይጠጋውም።

ዕድሜውን የሚናገረው ከውስጥ የተሰፋው ምልክት ነው። በአሜሪካ የጨርቁን ዓይነት በመቶኛ መጻፍ በሕግ የተደነገገው ከመጋቢት 1960 ጀምሮ ሲሆን፣ የአስተጣጠብ መመሪያ ማያያዝ ግዴታ የሆነው ደግሞ ከሐምሌ 1972 ወዲህ ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ ተጽፎ አስተጣጠቡ ካልተጻፈ በሁለቱ መካከል የተሠራ ሳይሆን አይቀርም። እኔ በጣም የምወደው የዓለም አቀፍ የሴቶች አልባሳት ሠራተኞች ማኅበር ትንሽ ምልክት ነው። ማኅበሩ በ1900 የተመሠረተ ነው፤ ምልክቱ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ከሆነ ልብሱ የተሰፋው ከ1974 እስከ 1995 ባለው ጊዜ ነው። ያቺ የተጨነቀች ሰፊ ስሟን ባትተውልኝም የማኅበሯን ማኅተም ትታልኛለች። አንዳንዷ ባለቤት ምልክቱ ገላዋን እያሳከካት ቆርጣ ትጥለዋለች፤ በዚያን ጊዜ ከዳንቴሉና ከስፌቱ መገመት ብቻ ነው የሚቀረው።

የልኩን ቁጥር ግን አትመኑ። የያኔው 14 ቁጥር ከዛሬው 14 በጣም ይጠብባል፤ የውስጥ ቀሚስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 34፣ 36 እየተባለ በደረት ልክ በኢንች ነው የሚጻፍበት። ቦርሳዬ ውስጥ ሜትር ይዤ እዞራለሁ፤ ከደረት ይልቅ ዳሌን መለካት ይበልጣል፤ ምክንያቱም ናይለን ያለ ላስቲክ እምብዛም አይሳብም። በ1920ዎቹና በ30ዎቹ ፓሪስ ላይ የልብስ ዲዛይነሯ ማድሌን ቪዮኔ ያስፋፋችው በሰያፍ የመቁረጥ ጥበብ ያረፈበት ልብስ ከዚህ ይለያል፤ ክሩ ሰያፍ ስለሚሆን ጨርቁ ራሱ ገላን ተከትሎ ይሳባል። እንዲህ ያለውን ልብስ መስቀያ ላይ መስቀል ግን በገዛ ክብደቱ ማርዘም ነው፤ ተጣጥፎ ይቀመጥ።

ጡት ማስያዣና ወገብ ማጥበቂያ አልገዛም። ሰው ሠራሹ የሚሳብ ክር በዱፖንቱ ኬሚስት በጆሴፍ ሺቨርስ እጅ የተገኘው በ1958 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ላስቲክ የተፈጥሮ ጎማ ስለ ነበረ ዛሬ ወይ እንደ ቆሎ ደርቋል ወይ ላልቶ ሟሟል። የጉርድ ወገብ ላይ ያለው ላስቲክ ቢሞት ግን አያሳስብም፤ አንድ ሜትር አዲስ ላስቲክና የግማሽ ሰዓት የእጅ ስፌት ይበቃዋል።

ለቤት የሚለበሰው ጋዋን ለጀማሪ ከሁሉ የቀለለ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ልክ አያስጨንቅም፣ ዋጋውም ከሌሊት ልብሱ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በ1977 ፊሊፒናዊቷ ጆሲ ናቶሪ ኒውዮርክ ላይ የጀመረችው የልብስ ድርጅት የሠራቸው በጥልፍ ያጌጡ ልብሶች እስከ ዛሬ በጥሩ ይዞታ ይገኛሉ፤ የሀገሯን የእጅ ጥልፍ ይዛ የገባች ሴት ስለሆነች ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ጥበብ ለብሶ ያደገ ዓይን ቶሎ ይለምዳቸዋል። የነበሩኝ ጋዋኖች 3 ነበሩ። በጥጥ ተሞልቶ በክር የተጠቀጠቀውን ሰማያዊውን፣ ባለፈው ክረምት ለጥየቃ የመጡት እናቴ ጠዋት ጠዋት ቡና ሲያፈሉ ይደርቡት ጀመር፤ ሊሄዱ ሻንጣ ስንዘጋ ከታች ተጣጥፎ አገኘሁት፤ ዝም ብዬ ዚፑን ሳብኩት።