መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡ

ሲያትልና አካባቢዋ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ። ፋሲካ ሲቃረብ፣ ዓመቱን ሙሉ ማንም ዞር ብሎ የማያየው ያ ጥቁር አረንጓዴ ቁጥቋጦ በየደጃፉ በአበባ ይሸፈናል። ቀይ፣ ነጭ፣ ሮዝ፣ ሐምራዊ። አንዱ ዘለላ ብቻውን ለሙሽራ ይበቃል። ስሙ ሮዶደንድሮን ነው። እዚህ ሰዉ አሳጥሮ «ሮዲ» ይለዋል፣ እኔም እንደዚያው ልበለው።

በዚያ ሰሞን ችግኝ ሻጮች ያበበውን ከፊት ይደረድራሉ። ሰውም ቀለሙን አይቶ ይገዛል። እኔም እንዲሁ ነበር የምገዛው። አሁን ግን አላደርገውም። አበባው ቢበዛ 3 ሳምንት ነው የሚቆየው። የቀረውን 49 ሳምንት የምታዩት ቅጠሉን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ቀጥሎ ሲያድግ ምን ያህል እንደሚሆን ጠይቁ። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

የቁመቱን ነገር ያስተማረኝ ሳሎናችን መስኮት ሥር ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሲያትል አቅራቢያ ኬንት ውስጥ ቤት ስንገዛ መስኮቱን እስከ ግማሹ ሸፍኖት አገኘነው። አበባው ደማቅ ቀይ ነው፣ ልብ ይሰርቃል። የተከለው ሰው ግን ከጉልበት የማይዘል ችግኝ ይዞ መጥቶ መሆን አለበት። በሁለተኛው ዓመት፣ ኦክቶበር ላይ፣ ሣር የሚያጭድልን ሰው «ቆረጥ ቆረጥ ላድርገው» አለኝ። እሺ አልኩት። ዙሪያውን ከርክሞ እንደ ድፎ ዳቦ አደረገው። በኤፕሪል አንድም አበባ አላየንም። ሮዲ የሚቀጥለውን ዓመት እምቡጥ የሚቋጥረው በጁላይና በኦገስት ነው። በኦክቶበር በየቅርንጫፉ ጫፍ ላይ የምታዩት ድንቡሽ ያለ ነገር ሁሉ የፀደዩ አበባ ነው። መቁረጥ ካለባችሁ አበባው እንደረገፈ ቁረጡ። ከሁሉም የሚሻለው ግን መቁረጥ የማያስፈልገውን መርጦ መትከል ነው።

ቅጠሉን ገልብጡ ያልኩት ደግሞ በምክንያት ነው። እዚህ አካባቢ ከቅጠሉ ሥር ተለጥፎ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት አለ። ክንፉ እንደ ዳንቴል የተበሳሳ ነው። እሱ የያዘው ቅጠል ከላይ በነጫጭ ነጠብጣብ ይገረጣል፣ ከሥሩ ደግሞ ጥቋቁር ቅንጣት የያዘ ይሆናል። መሸጫው ጋ እንዲህ ያለ ቅጠል ካያችሁ፣ የፈለገ ቢያምር አትግዙት። ለመግዛት ግን አንድ የምመክራችሁ አለኝ። ያኩሺማ ከምትባል የጃፓን ደሴት የመጣ ዝርያ ነው፣ እዚህ «ያክ» ይሉታል። ዝናብና ነፋስ ከማይለየው ተራራ አናት የመጣ ስለሆነ ቁመቱ አጭር ነው። በ10 ዓመት 1 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የቅጠሉ ሥር በወፍራም ፀጉር ስለተሸፈነ ያ ነፍሳት እንደልቡ አይሆንበትም። እምቡጡ ሮዝ ነው፣ ሲፈካ ነጭ ይሆናል። አዲሱ ቅጠል ሲወጣ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ለእኔ ከአበባው ይልቅ ያ ይበልጥብኛል።

ጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 42 ዲግሪ በገባች ጊዜ በምዕራብ በኩል ያሉት ሮዲዎቼ ቅጠላቸው በብረት ምጣድ የተቆላ መሰለ። በረዥም ዛፍ ጥላ ሥር ያሉት ምንም አልሆኑም። ትልልቅ ቅጠል ያለው ጥላ ይፈልጋል፣ ትንንሽ ቅጠል ያለው ፀሐይን ይበልጥ ይችላል። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ የሚያገኝ ቦታ ካላችሁ ግን አብዛኛው ይስማማዋል።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ2017 እማዬ ከደባርቅ መጥታ ክረምቱን እኛ ጋ አሳለፈች። ጠዋት ጠዋት የሳሎኑን ምድጃ አመድ እየዛቀች ከሮዲው ሥር ትበትን ነበር። ደባርቅ ጓሯችን ጎመኑም ሽንኩርቱም እንዲሁ ሲደረግለት አይቼ ነው ያደግኩት። ተዪ አላልኳትም። በሚቀጥለው ሰመር አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ። አርባ ዓመት ሮዲ ያሳደጉ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ። መጥተው አዩትና «ኖራ አድርገሽበታል?» አሉኝ።

አመድ በአፈሩ ላይ የሚሠራው እንደ ኖራ ነው። ጎጃም ውስጥ ገበሬው አሲዳማ መሬቱን ለማከም ኖራ ይበትናል፣ ስንዴውና ገብሱ አሲዱን ስለማይወዱት። ሮዲ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፒኤቹ (የአፈሩ አሲድነት መለኪያ) ከ4.5 እስከ 6 የሆነ አሲዳማ አፈር ይፈልጋል። ከዚያ ካለፈ ብረቱ መሬቱ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም፣ ቅጠሉም ይገረጣል። አመድ ያረፈበትን አፈር ከላይ ገፈፍኩ፣ ድኝ ጨመርኩ። ድኝ አፈሩን የሚለውጠው ቀስ ብሎ ነው። ቅጠሉ እንደ ድሮው እስኪሆን ሁለት ዓመት ፈጀ። አዲስ ሲሚንቶ አጠገብም እንደዚያ ሊገረጣ ስለሚችል ከግድግዳ ራቅ አድርጉት።

ያን ጊዜ ስለ ሮዲ ብዙ አነበብኩ። አፍሪካ ውስጥ በተፈጥሮ የሚበቅል ሮዲ የለም። ዘመድ ግን አለው። አስታ! የስሜን ተራራው አስታ ከሮዲ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ወዲያው እማዬ ጋ ደወልኩ።

«እማዬ፣ ያ አመድ የበተንሽለት ዛፍ እኮ የአስታ ዘመድ ነው።»

«አስታ? ማገዶው?»

«አዎ።»

ትንሽ ዝም አለች። «ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ፣ ልጄ። አስታ መቼ አመድ ተበትኖለት ያውቃል።»

አተካከሉ ከባድ አይደለም። ሥሩ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነው፣ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው የሚሄደው። ጉድጓዱ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይሁን። የችግኙን ሥር የያዘው የአፈር ድቡልቡል አናቱ ከመሬቱ 3 ወይም 4 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የእኛ ሰፈር አፈር ጭቃ ነው፣ ውሃ ከያዘ ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉብታ ሠርቼ ነው የምተክለው። ከላይ የእንጨት ስብርባሪ አልብሱት፣ ግንዱን ግን አይንካ። ይህ ጉዝጓዝ ለሮዲ ግማሽ ሕይወቱ ነው። ሲያትል ዝናባም ናት ብላችሁ አትዘናጉ። በጁላይና በኦገስት ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በደንብ አጠጡት።

የቡና አተላስ ብላችሁ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። «አሲድ አለው» ይባላል። አሲዱን ግን የጠጣነው እኛ ነን። የተፈላው አተላ ብዙም አሲድ አይቀረውም። ወፍራም አድርጋችሁ ካፈሰሳችሁት ደርቆ ውሃ አላሳልፍ ይላል። ስስ አድርጋችሁ ከስብርባሪው ጋር ብታደባልቁት አይጎዳም። እኔም የጀበናዬን እንደዚያ ነው የማደርገው።

አንድ ነገር እንዳትረሱ። ቅጠሉም አበባውም መርዝ አለው። ለበዓል በግ ወይም ፍየል ገዝታችሁ ጓሮ የምታሳድሩ ካላችሁ፣ ከሮዲ አርቃችሁ እሰሩ።

ዴንቨርና ዳላስ ያላችሁ አፈራችሁ በአብዛኛው የኖራ አፈር ነው፣ እዚያ መሬት ላይ መትከል ድካም ነው። በትልቅ ማሰሮ ሞክሩት። ሚኒያፖሊስ ላላችሁ ፒጄኤም የሚባለው ብርዱን ይችላል። ቅጠሉ ትንንሽ፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻው) ሄዳችሁ አዛሊያዎቹን እዩ፣ አዛሊያም ሮዲ ነው። እኛ ጋ ላላችሁ ፌደራል ዌይ ያለው የሮዶደንድሮን ዝርያዎች አትክልት ቦታ አለላችሁ። ከ700 በላይ ዝርያ አለው። ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ሄዳችሁ ያደገውን ቁመት በዓይናችሁ እዩት። የዋሽንግተን ስቴት አበባም ሮዲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1892፣ ሴቶች በመንግሥት ምርጫ ድምፅ ሳይኖራቸው፣ ለቺካጎው የዓለም ኤግዚቢሽን ድምፅ ሰጥተው የመረጡት እነሱ ናቸው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

እማዬ ባለፈው ኤፕሪል ተመልሳ መጥታ ነበር። ያኩ ሥር ቁጢጥ ብላ አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። «የጥጃ ጆሮ ነው የሚመስለው» አለችኝ። ከዚያ ቤት ገብታ የምድጃውን አመድ በባልዲ ይዛ ወጣች። ተከትያት ስወጣ ጎመኑ መደብ ላይ ስትበትነው ደረስኩ።