ግማሽ ኪሎ

ሰዓቱ ወደኋላ ከተመለሰ ወዲህ ቀን ቀን አይመስለኝም። በእኛ አቆጣጠር ገና 11 ሰዓት ላይ ጭልም ይላል። በየዓመቱ እንዲህ ያደርገኛል፤ በየዓመቱም እጽፈዋለሁ፤ ታግሳችሁኛል። የዘንድሮውን ያባሰው ማክሰኞ ማታ ነው። ከሥራ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ ያው የምታውቁት ፓርኪንግ፣ የመጨረሻው ምድር ቤት፣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስራመድ ይራመዳል። ስቆም ይቆማል። የሆነውን ሌላ ጊዜ እነግራችኋለሁ።

ጥፋቴ ለታናሼ መናገሬ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን "እንኳን ተረፍሽ" ብሎ ያልፈው ነበር። እሱ ግን "እታለም፣ በቃ ሽጉጥ ትይዣለሽ!" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ድንጋጤ ስፈልግ ያገኘሁት ደስታ ነው። ሌላው ወንድ ስለ አርሰናል የሚያወራውን ያህል እሱ ስለ ሽጉጥ ያወራል። በነጋታው ሰንጠረዥ ላከልኝ። ክብደት፣ ውፍረት፣ የአፈሙዝ ርዝመት፣ ስንት ጎራሽ፣ ዋጋ። ያውም በቀለም ተለይቶ። ሚስት ለመፈለግ እንዲህ ቢተጋ ኖሮ እስካሁን ሦስት ልጅ ይኖረው ነበር።

ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ወሰደኝ። እዚያ እየተከራዩ መሞከር ይቻላል፤ እንደ ጫማ። ሻጩ መስተዋቱ ላይ አራት ሽጉጥ ደረደረልኝ። አራቱም ትንንሽ፣ አራቱም ልብስ ውስጥ ተደብቀው እንዲኖሩ የተሠሩ።

የመጀመሪያዋ ሲግ ፒ365 ናት። ስሟ ራሱ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀን በቀን ትያዝ ለማለት ነው። ግማሽ ኪሎ ብትመዝን ነው። በ2018 ስትወጣ ጉድ ያሰኘችው፣ እንዲህ ቀጭን ሆና አሥር ጎራሽ መሆኗ ነው። ከእሷ 3 ዓመት ቀድማ የወጣችው ቀጭኗ ግሎክ 43 ስድስት ጎራሽ ነበረች። ታናሼ ምስጢሩን የጥይት ካዝናውን አውጥቶ አሳየኝ። ጥይቶቹ ሁለት ረድፍ ሆነው ተዛንቀው ይወጡና አናቱ ላይ አንድ መስመር ይሆናሉ። ውስጡ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚል የሚኒባስ ረዳት ያለ ነው የሚመስለው። ብቻ ስይዛት ትንሿ ጣቴ መቆሚያ አጣች። ተንጠልጥላ ቀረች።

ግሎክ 43ኤክስ ላይ ጣቴ ቦታ አገኘች፤ እጀታው ረዘም ይላል። እሷም አሥር ጎራሽ ናት። ከውጭ የሚቆለፍ ነገር ግን የላትም። ቃታው ላይ አንዲት ትንሽ ምላስ አለች፤ እሷን አብረሽ ካልተጫንሽ ቃታው አይሳብም። "በቃ ይሄው ነው?" አልኩት። "ይሄው ነው" አለኝ። እኔ የቤቴን በር ሦስት ጊዜ ቆልፌ፣ ደረጃ ወርጄ፣ ተመልሼ የማረጋግጥ ሰው ነኝ።

ሦስተኛዋ ጀርመን ናት፣ ሄክለር ኤንድ ኮክ ቪፒ9ኤስኬ። ወደ 650 ግራም። የእጀታዋን ጀርባና ጎን እየቀያየሩ በእጅ ልክ ማስተካከል ይቻላል፤ 27 ዓይነት አገጣጠም አለው ተባልኩ። ከኋላዋ ግራና ቀኝ ጆሮ የመሰለ ነገር ወጣ ብሏል። ለካ የሱ ጥቅም እንደ እኔ ጣቱ ለደከመ ሰው ነው፤ ስታቀባብዪ እሱን ይዘሽ ትስቢያለሽ። ሌሎቹን ሳቀባብል ጥርሴን ነክሼ ነበር።

አራተኛዋን ሻጩ በሁለት እጁ፣ ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን አቅፎ ነው ያመጣት። ስታካቶ ሲኤስ። የቴክሳስ ሥራ፣ አሥራ ስድስት ጎራሽ፣ ከ2,000 ዶላር በላይ። ዋጋውን ስሰማ ቀስ ብዬ አስቀመጥኳት። ጭረት ካገኘባት የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው።

ተኮስኩ። የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን ሳተ፤ ሁለተኛውም። ትንሽ ሽጉጥ ሲያዩት የዋህ ይመስላል እንጂ እንደ በቅሎ ነው የሚራገጠው። ቀላል ስለሆነ ምቱን የሚሸከምለት አካል የለውም፤ ሁሉም ወደ እጅ ይመጣል። ታናሼ "ለመያዝ የቀለለ ለመተኮስ ይከብዳል" አለኝ። ይህን ሰንጠረዡ ላይ አልጻፈውም ነበር። ከባዷ ጀርመን ትሻላለች፤ ግን እሷን የት አድርጌ ልደብቃት ነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ይሄ ሁሉ ዕቃ የተሠራው ቀበቶ ለታጠቀ ሰው ነው። ማህደሩ ሱሪ ውስጥ ይገባል፣ ቀበቶው አጥብቆ ይይዘዋል፣ ሸሚዝ ይሸፍነዋል። የእኔ ሱሪ ላስቲክ ነው። ቀሚሴ ኪስ የለውም። "ቦርሳዬ ውስጥስ?" ስል አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። ቦርሳሽን የነጠቀሽ ሌባ አሁን ሽጉጥም አለው አለኝ።

በዚያ ላይ ድልድዩ አለ። እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ የምሠራው ዲሲ። የቨርጂኒያን ፈቃድ ባወጣ፣ ዲሲ አይቀበለውም። የፖቶማክን ወንዝ እንደተሻገርኩ ወንጀለኛ ነኝ። የዲሲን ለማውጣት 18 ሰዓት ሥልጠና አለው። ማለትም ኮቴ የማልሰማበት ሰፈሬ ውስጥ ታጥቄ እንጎራደድና፣ ኮቴ የምሰማበት ጋ ባዶ እጄን እሄዳለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥም ቢሆን መጠጥ ቤት ደብቀሽ ከገባሽ መጠጣት ክልክል ነው። ታናሼ ፈቃዱ እያለው ቅዳሜ ቅዳሜ ሽጉጡን ቤት የሚተወው ለዚህ ነው። በጠጅ አይደራደርም።

ስመለስ መኪና ውስጥ የማስበው ግን ሌላ ነበር። ሰው ለምን ይሄን ሁሉ ብር እንዳይታይ ብሎ ያወጣል? አያቴ ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር። የሱ ምንሽር የተሠራው እንዲታይ ነው። ገበያ ሲሄድ ትከሻው ላይ፣ ሠርግ ሲሄድ ትከሻው ላይ፣ ቤት ሲገባ ምሰሶው ላይ። ሰደፉን ቅቤ ይቀባው ነበር። ደብቆ የሚይዝ ሌባ ነው ይል ነበር። መንገድ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው አፈሙዙ ነው፣ ቀጥሎ ባርኔጣው፣ ከዚያ እሱ።

ይሄን እያሰብኩ ሚስቱ፣ እቴቴ፣ ትዝ አለችኝ። መቀነቷ።

የስድስት ወይ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጭኗ ላይ ተኝቼ ጉንጬን የሚወጋኝ ነገር አለ። ሳንቲም መስሎኝ በጣቴ ስነካካው ሳንቲም አይደለም። ረዘም ያለ፣ ከታች ወፈር፣ ከላይ ሾል ያለ። በጨርቅ ተጠቅልሎ አምስት ነው። "ምንድን ነው እቴቴ?" ስላት "የአያትሽ ንዴት ነው፣ ተኚ" አለችኝ።

ያኔ አልገባኝም። ቅዳሜ ማታ፣ አሌክሳንድሪያ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ገባኝ። ምንሽሩ ባዶ ነበር! እሱ ጠብመንጃውን ይዞ ይንጎራደዳል፣ ጥይቱ እሷ ወገብ ላይ ነው። ጠላ ጠጥቶ ከጎረቤት ጋር የድንበር ነገር ሲያነሳ፣ ሲፎክር፣ ምንሽሩን ሲያቀባብል እሷ እንጀራ መጋገሯን አታቋርጥም ነበር። እኔ ጀግንነት ይመስለኝ ነበር። ለካ ቆጥራ ይዛዋለች። ከኋላዬ ክላክስ እስኪነፋብኝ ድረስ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አላየሁም።

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ እናቴ ጋ ደወልኩ። እዚያ ነግቷል። "እማ፣ እቴቴ የአባባን ጥይት መቀነቷ ውስጥ..." አላስጨረሰችኝም። "ኧረ በስልክ!" አለች። ዝም ተባባልን። ረስቼው ነው። እዚያ አሁን እንዲህ ያለ ወሬ በስልክ አይወራም፤ የሞተች አሮጊት መቀነትም ቢሆን። ቀጥላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሌላ ሰው እንዲሰማ ይመስል፣ "ቡናው ደረሰሽ ወይ?" አለችኝ። ደርሶኛል አልኳት። ግማሽ ኪሎ፣ ጥሬውን፣ በላስቲክ።

ግማሽ ኪሎ።

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን የምነግራችሁ እናንተ ስለሆናችሁ ነው። ደባሌ የሌሊት ተረኛ ናት፣ ቤት ማንም የለም። የፋሲካውን ቀሚስ አውጥቼ ለበስኩ። ቡናውን ወገቤ ላይ አድርጌ በመቀነት ጠመጠምኩት። መስተዋት ፊት ቆምኩ። አይታወቅም! እርግጥ ትንሽ ያረገዝኩ እመስላለሁ፤ ለእሱ ደግሞ ሰው ሐሜት እንጂ ፖሊስ አይጠራም። ቀጥሎ ጥይቱ ትዝ አለኝ። አንዱ ጥይት 12 ግራም ገደማ ነው፤ አሥሩ 120። ኩሽናውን ሳስስ የሚመጥን ያገኘሁት የሚጥሚጣ ብልቃጥ ነው። እሱን ከቡናው አጠገብ ሸጎጥኩ።

ተራመድኩ፣ ደህና ነው። ተቀመጥኩ፣ ትንሽ ይቆረቁራል። ጎንበስ ብዬ ቁልፍ አነሳሁ፣ ያዘ። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ግን ሠርግ ላይ ብሆንስ ብዬ እስክስታ ሞከርኩ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ትከሻ መቀነቱ ቻለው። በሦስተኛው ቡናው በእግሬ መሃል ዱብ አለ፣ ላስቲኩ ተቀደደ፣ ፍሬው እስከ ሶፋው ሥር ተበተነ። ብልቃጡ ተከተለው። ክዳኑን ማን እንዳላላው አላውቅም፤ እኔ ነኝ። ምንጣፉ ላይ ቀይ አቧራ ቦነነ። አስነጠሰኝ፣ አሳለኝ፣ በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁት። ታች ያሉት ሰዎች ጣሪያቸውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪደበድቡ ድረስ ጮህኩ መሰለኝ።

አሁን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። የግራ ዓይኔ አልገለጥ ብሎ ይህን የምጽፈው በቀኙ ነው። ታናሼ "እሺ፣ የቷን መረጥሽ?" ብሎ ጽፎልኛል፤ ሰንጠረዡን እንደገና አያይዞ። አንድ መስመር ጨምርበት ልለው ነው። ክብደት፣ 120 ግራም። መቆለፊያ፣ የለውም። ስንት ጎራሽ እንደሆነ ግን ምን ብዬ ልሙላ?