ጊታሩን አንዴ፣ አምፑን ደጋግሜ

ጊታር የምቀዳው ማታ ማታ ነው። ቤት ውስጥ ሰው ስለሚተኛ አምፕ፣ ማለትም የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ ከፍቶ መጫወት አይታሰብም። ስለዚህ ጊታሩን በዲአይ ቦክስ (የጊታሩን ሲግናል ለመቅጃ የሚያመቻች ሣጥን) በኩል ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌሱ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያወጣ መሣሪያ) አስገባና በጆሮ ማዳመጫ የሶፍትዌር አምፕ እየሰማሁ እጫወታለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ምንም ያልተነካው የጊታሩ ድምፅ ነው። ቀን ላይ ያንኑ ድምፅ አውጥቼ ወደ እውነተኛው አምፕ እልከዋለሁ፤ ስፒከሩ ፊት ማይክ አቁሜ እንደገና እቀዳዋለሁ። ሪአምፕ ማለት ይሄው ነው።

ሲያወሩት ቀላል ነው። የመጀመሪያ ቀን የኢንተርፌሱን ላይን አውትፑት (የድምፅ መውጫ) በተራ ገመድ አምፑ ላይ ሰካሁት። የወጣው ድምፅ ሻካራና የታፈነ ነበር፤ ከሥሩም የማያቋርጥ ዝዝታ አለው። ለካ ከላይን አውትፑት የሚወጣው ሲግናል ከጊታር ፒካፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚቀይረው ክፍል) ከሚወጣው በጣም ይበረታል። ሪአምፕ ቦክስ መሃል ገብቶ ጉልበቱን ይቀንሳል፣ ኢምፒዳንሱንም (ለኤሌክትሪክ ሲግናል ያለውን ተቃውሞ) አምፑ ከጊታር ወደለመደው ያስጠጋል። ውስጡ ትራንስፎርመር ካለ ደግሞ የኮምፒውተሩንና የአምፑን ግራውንድ (የመሬት መስመር) ይለያያል። ቦክሱን አስገብቼ ግራውንድ ሊፍት የምትለዋን ማብሪያ ስጫን ዝዝታው ጸጥ አለ። በነገራችን ላይ፣ ዝዝታ ለማጥፋት ብሎ የአምፑን የመሬት ገመድ ከሶኬቱ የሚያላቅቅ ሰው አለ። በፍጹም እንዳታደርጉት፤ ሰው ይገድላል።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ልኩን ማግኘት ነው። ቦክሱ ላይ ያለው ቮልዩም የት ይቁም? መላ ያገኘሁለት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጊታሩን በቀጥታ አምፑ ላይ ሰክቼ አንድ ሪፍ (አጭር ዜማ) ተጫወትኩና በማይክ ቀዳሁት። ቀጥዬ ያንኑ ሪፍ በዲአይ ቀድቼ በሪአምፕ ቦክሱ በኩል ላክሁት። የአምፑን ቁልፎች አልነካሁም፤ ያዞርኩት የቦክሱን ቮልዩም ብቻ ነው። ለስለስ አድርጌ ስመታ ንጹህ የሚሆነው፣ ጠንከር ሳደርግ ድምፁ መሰንጠቅ የሚጀምረው ሁለቱም ላይ እኩል እስኪሆን ድረስ አዞርኩት። ከዚያ ቦታውን በፕላስተር ምልክት አደረግሁበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ደስ ይላል። ጊታሩ ራሱን እየደጋገመ ይጫወታል፣ እጄ ነጻ ነው። ተንበርክኬ ማይኩን ከስፒከሩ መሃል ወደ ዳር 3 ሴንቲሜትር ያህል ስገፋው ጆሮ የሚወጋው ጫፍ ይለሰልሳል። አንድም ኖታ ሳልጫወት ግማሽ ቀን እንዲህ ማይክ ሳንቀሳቅስ ውያለሁ።

ቤዝ ጊታሩ ግን አስቸገረኝ። ዲአዩ (በዲአይ ቦክስ የተቀዳው) ለብቻው ያምራል፣ የአምፑም ለብቻው ያምራል። አንድ ላይ ሳጫውታቸው ክብደቱ ሁሉ ጠፋ። ሞገዱን ስክሪን ላይ አስፍቼ ሳየው የአምፑ ትራክ ወደ 6 ሚሊሰከንድ ዘግይቷል። 83 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ በዚያች ጊዜ ውስጥ ግማሽ ዙር ይጨርሳል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፣ ይጠፋፋሉ። የቤዝ ክብደት ያለውም እዚያው አካባቢ ነው። ድምፁ ከኮምፒውተሩ ወጥቶ ሲመለስ ይዘገያል፤ ማይኩ ከስፒከሩ 34 ሴንቲሜትር ከራቀ ደግሞ 1 ሚሊሰከንድ ይጨመርበታል። አሁን ከመላኬ በፊት የዲአይ ትራኩ መጀመሪያ ላይ አንድ አጭር "ጠቅ" አስገባለሁ። ሲመለስ ሁለቱን "ጠቅ" አንድ ላይ ገጥሜ ፖላሪቲውን (የሞገዱን ላይና ታች) እየገለበጥኩ የቱ እንደሚወፍር እሰማለሁ። በመጨረሻም ከአምፑ ትራክ ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እቆርጣለሁ፤ ታችኛውን ዲአዩ ይሸከመዋል፣ የአምፑ ድርሻ መሃሉ ላይ ያለው ጉርምርምታ ነው።

ላስተካክለው ያልቻልኩት የዲአዩን ጥፋት ነው። አንድ ትራክ ኮምፒውተሩ ስክሪን አጠገብ ተቀምጬ በሲንግል ኮይል ፒካፕ (ዝዝታ በቀላሉ በሚይዘው ባለ አንድ ጥቅል ፒካፕ) ቀድቼ ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ብዙም የማትሰማ ዝዝታ ነበረችበት። የአምፑን ጌይን (ሲግናሉን የሚያጎላውን ቁልፍ) ስከፍተው ከጊታሩ እኩል ጮኸች። ትራኩን ጥዬ እንደገና ተጫወትኩት። አሁን ከመቅዳቴ በፊት ክሮቹን በእጄ አፍኜ፣ ጌይኑን ከፍቼ፣ ወንበሬ ላይ ወዲያ ወዲህ እየዞርኩ ዝዝታው የሚያንስበትን አቅጣጫ እፈልጋለሁ።

ፊድባክ የሚፈልጉ ረጃጅም ኖታዎችን ግን በሪአምፕ አልሞክርም። ኖታው እንዲቆይ የስፒከሩ ድምፅ ተመልሶ ክሩን ማንቀጥቀጥ አለበት። እነሱን ቀን ጠብቄ አምፑ ፊት ቆሜ እጫወታቸዋለሁ።