ያገለገለ አምፕ፣ አምስት ስፒከርና አልጠፋ ያለ ድምፅ

ትናንት ማታ ሁሉንም ከፈትኩና ምንም ሳላጫውት ጆሮዬን ሳብውፈሩ ላይ፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ላይ፣ ለጠፍኩ። ጭጭ። ሦስት ወር ሙሉ እምምም ሲል የከረመው ዕቃ ትንፍሽ አይልም። ደስታውን ለብቻዬ መያዝ አልቻልኩም፣ ለዚህ ነው የምጽፈው። ያገለገለ አምፕ ገዝታችሁ ሳሎናችሁ ውስጥ አምስት ስፒከር ለመዘርጋት ያሰባችሁ ካላችሁ እኔ ያቃጠልኩትን ጊዜና ብር አትድገሙት።

መጀመሪያ በስሙ እንግባባ። ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ይህን ዕቃ መመሪያዎቹ ሪሲቨር ይሉታል። እኛ አገር ሱቅ ገብታችሁ "ሪሲቨር" ካላችሁ ግን የሚወጣላችሁ የዲሽ ሪሲቨር ነው። መርካቶ ሁለት ሱቅ ውስጥ ደርሶብኛል። "አምፕሊፋየር፣ አምስት ስፒከርና ውፈር የሚይዘው" ስል ነው የገባቸው። ስለዚህ እዚህ ዋናውን ዕቃ አምፕ፣ የዲሹን ደግሞ ሪሲቨር እላለሁ።

የእኔ አምፕ ከዱባይ የመጣ ነው። ዕድሜው ወደ 18 ዓመት ይጠጋል። 14 ሺህ ብር ከፈልኩበት። ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚያልፍበት መሰኪያ) የለውም፣ የረከሰውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ የሚባሉትን ባለ ስድስት ቻናል ድምፆች፣ ማለትም ለአምስቱ ስፒከሮችና ለሳብውፈሩ ለየብቻ የተዘጋጀውን ድምፅ፣ በኦፕቲካል ገመድ ይቀበላል፤ ድምፅን በብርሃን የሚያሻግር ገመድ ነው። ያማሃ በሉት ዴኖን፣ ፓዮኒር በሉት ኦንኪዮ፣ በዚያ ዘመን የተሠሩት አምፖች ከባድ ናቸው። ክብደቱ ደግሞ ውስጡ ካለው ትራንስፎርመር ነው። እኔ ዛሬ ካርቶኑ ላይ 1,000 ዋት ከተጻፈበት አዲስ ቀላል ዕቃ ይልቅ 10 ኪሎ የሚመዝን አሮጌ አምፕ እመርጣለሁ። ካርቶን ላይ የሚጻፍ ዋት ስለ ድምፁ ብዙም አይነግራችሁም።

ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። 220 ወይም 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ካለ ችግር የለም። ዘመድ ከአሜሪካ ልላክላችሁ ካለ ግን የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው። እንዲሁ ሶኬት ላይ ብትሰኩት ያን ጊዜውኑ ይቃጠላል። አቅሙ የሚመጥን ቮልቴጅ ቀናሽ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል፣ እሱም ዋጋው ቀላል አይደለም። ሌላው ደግሞ ሱቁ ውስጥ አምስቱንም ቻናል አንድ በአንድ አስከፍቱ። ሁለቱ የፊት ስፒከሮች ስለጮሁ ብቻ ተደስታችሁ እንዳትወጡ።

ስፒከር ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ሠርቻለሁ። ቤት ውስጥ ከድሮ ሆም ቴአተር የተረፉ አምስት ትንንሽ ስፒከሮች ነበሩኝ። ብር ልቆጥብ ብዬ እነሱን ቀጠልኩ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራና አምፑ ራሱን አጠፋ። እንደገና ከፈትኩት፣ እንደገና ጠፋ። የስፒከሩ ጀርባ ላይ 3 ኦም ይላል፣ ኦም ስፒከሩ ከረንቱን የሚገታበት መጠን ነው። አምፑ ደግሞ ከ6 ኦም በታች አትቀጥሉብኝ ብሎ ጽፏል። ኦሙ ሲያንስ ስፒከሩ የሚስበው ከረንት ይጨምራል፣ አምፑ ይግላል፣ ራሱን ለማዳንም ይዘጋል። ከሆም ቴአተር ጋር አብረው የሚመጡ ስፒከሮች ብዙ ጊዜ 3 ወይም 4 ኦም ናቸው፣ የተሠሩትም ለራሳቸው ማሽን ነው። ባለ 8 ኦም ስፒከር ፈላልጌ ከቀጠልኩ በኋላ መዘጋቱ ቀረ።

ሙቀትን ካነሳሁ አይቀር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል። ከአምፑ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ተዉለት። እባካችሁ ዳንቴል አታልብሱት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ሳብውፈሩን የቀጠልኩ ዕለት ጀምሮ እምምም የሚል ድምፅ መጣ። ቀን ቀን ብዙም አይሰማም። ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል ግን መኝታ ቤት ድረስ ይገባል። የድምፁን ማዞሪያ ብጨምረውም ብቀንሰውም እምምምታው ያው ነው። ከዲሽ ወደ ዲቪዲ ብቀይርም ያው ነው።

አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። "ካፓሲተሩ ደርቋል" አሉኝ፣ ውስጡ ያለችውን ኃይል አጠራቅማ የምታስተካክል ትንሽ ዕቃ ማለታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ካፓሲተር መድረቁ ያለ ነገር ስለሆነ አመንኩ። 3,500 ብር ከፍዬ ተቀየረ። ቤት ወስጄ ስሰካው እምምም። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። ጥገና ቤቱ ውስጥ እኮ አምፑ ከመጀመሪያውም እምምም አላለም ነበር። በዓይኔ ያየሁትን፣ በጆሮዬ የሰማሁትን ትቼ ነው የከፈልኩት። ዕቃው ሌላ ቦታ ደህና ሆኖ እናንተ ቤት ብቻ ካስቸገረ መጀመሪያ ቤታችሁን መርምሩ።

ቀጥሎ ቤት ድረስ የመጣ አንድ ባለሙያ የሳብውፈሩን መሰኪያ አየና "ችግሩ ይሄ ነው ወንድሜ" አለኝ። ሳብውፈሩም የመጣው ከዱባይ ነው፣ መሰኪያው ባለ ሦስት ጥርስ ጠፍጣፋ ነው። ሦስተኛው ጥርስ ኧርዝ ነው፣ ያፈተለከውን ከረንት ወደ መሬት የሚያወርደው። ባለ ሁለት ጥርስ ክብ አዳፕተር አመጣና በዚያ ሰካው። ኧርዙ ተቆረጠ ማለት ነው። እምምምታው በአንዴ ጠፋ። አመስግኜ፣ ከፍዬ ሸኘሁት።

ሁለት ሳምንት እንደዚያው ተጠቀምኩ። አንድ ማታ የአምስት ዓመቷ ልጄ ገላዋን ታጥባ በባዶ እግሯ እየሮጠች ሳሎን ገባች። ሳብውፈሩ ጀርባ የገባባትን ኳስ ልታወጣ እጇን ሰደደች። ወዲያው እጇን ሰብስባ "አባዬ፣ ነዘረኝ" አለችኝ። እኔም የሳብውፈሩን የጀርባ ብረት በእጄ ጀርባ ነካሁት። ይነዝራል። ቀላል ንዝረት ነው፣ ግን አለ። ያፈተለከው ከረንት ሄዶ የሚያርፍበትን ኧርዝ ስለቆረጥኩበት ብረቱ ላይ ቆሞ ሰው ይጠብቅ ነበር። አዳፕተሩን ነቅዬ ጣልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ይህን አስምሩበት፦ ድምፅ ለማጥፋት ብላችሁ ኧርዝ አትቁረጡ። ጥርሱን በመጋዝ የሚቆርጡም አሉ። ኧርዙ ያለው የሰው ነፍስ ለማዳን ነው። ማንም ባለሙያ ይምከራችሁ፣ እሺ አትበሉ።

ከዚያ በኋላ ለራሴ ጊዜ ሰጠሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም ነቀልኩ። ሳብውፈሩን ብቻ፣ በኧርዙ፣ ሶኬት ላይ ሰካሁ። ጭጭ። ከአምፑ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ጨመርኩ፣ አምፑ ላይ ከዚያ ሌላ ምንም የለም። ጭጭ። ስፒከሮቹን ጨመርኩ፣ ጭጭ። ዲቪዲውን ጨመርኩ፣ ጭጭ። ከሪሲቨሩ የሚመጣውን ቀይና ነጭ ገመድ ስሰካ፦ እምምም። አሁን ገመዱን እዚያው ትቼ ወደ ሪሲቨሩ ዞርኩ። ከጣሪያ የሚወርደውን የዲሽ ገመድ ጫፉን ይዤ ፈታሁት። ገና የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ድምፁ እንደ መብራት ጠፋ። መልሼ ስነካው፣ እምምም። ሳነሳው፣ ጭጭ። አሥር ጊዜ ያህል ደጋገምኩት፣ ማመን አቅቶኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ዲሹ የቆመው ጣሪያው ላይ ካለ፣ እሱም ከመሬት ጋር ከሚገናኝ ብረት ጋር ታስሮ ነው። የዲሽ ገመድ ውጫዊ ሽቦ ከዲሹ ብረት ተነስቶ ሪሲቨሩ ብረት ላይ ያርፋል። ከዚያ በቀይና ነጩ ገመድ ወደ አምፑ፣ ከአምፑ ወደ ሳብውፈሩ፣ ከሳብውፈሩ በኧርዙ ወደ ግድግዳው ሶኬት። ሶኬቱ ደግሞ በሕንፃው በኩል ተመልሶ ከመሬት ጋር ይገናኛል። አንድ ትልቅ ቀለበት ተሠራ ማለት ነው። ጣሪያው ጋ ያለው መሬትና ሶኬቱ ጋ ያለው መሬት በቮልቴጅ እኩል አይደሉም። በልዩነቱ ምክንያት ቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ከረንት ይዞራል። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ያ ከረንት ሳብውፈሩ ላይ በ50 ኸርዝ ይጮሃል፣ ሳብውፈር ደግሞ የተሠራው እንደዚያ ያለውን ወፍራም ድምፅ ለማውጣት ነው። የድምፁ ማዞሪያ ለውጥ ያላመጣውም ከረንቱ ማዞሪያውን ሳያልፍ በሳብውፈሩ ገመድ ላይ ስለሚሄድ ነው። አዳፕተሩ ዝም ያሰኘውም ቀለበቱን ስለበጠሰው ነበር፣ በማይገባ ቦታ በጠሰው እንጂ።

መፍትሔው ቀለበቱን በሚገባ ቦታ መበጠስ ነው። እኔ የመረጥኩት ኦፕቲካል ገመድን ነው። ውስጡ መዳብ የለም፣ ድምፁ የሚሄደው በብርሃን ነው። ጫፉን ብታዩት ቀይ ብርሃን ይታያችኋል። ብርሃን ኤሌክትሪክ አያሻግርም። ሪሲቨሩን በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁ፣ ከቴሌቪዥኑ ወደ አምፑ ኦፕቲካሉን ብቻ ዘረጋሁ። ቀይና ነጩን አወጣሁ። 600 ብር ነው የፈጀው። ከካፓሲተሩ በፊት ይህን ባውቅ ኖሮ!

ቴሌቪዥናችሁ ኦፕቲካል መውጫ ከሌለው በቀይና ነጩ መሃል የሚገባ ትንሽ ሳጥን አለ፣ ውስጡ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች ናቸው። እሱም ቀለበቱን ይበጥሳል። ርካሾቹ ግን ወፍራሙን ድምፅ ይበሉታል፣ ስለዚህ ሁለተኛ ምርጫ ነው የማደርገው።

ኦፕቲካሉን ከሰካሁ በኋላ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ድምፅ የሚመጣው ከሁለቱ የፊት ስፒከሮች ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ የድምፅ አወጣጡ ፒሲኤም (ድምፁን ራሱ ፈትቶ የሚልክበት ምርጫ) ላይ ስለተቀመጠ በኦፕቲካል ሁለት ቻናል ብቻ ይልክ ነበር። ድምፁን ሳይነካ እንደታሸገ ወደሚልከው ቢትስትሪም ስቀይረው አምፑ ላይ የዶልቢ ምልክት በራ፣ የኋላዎቹም ነፍስ ዘሩ። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች በኤችዲኤምአይ የገባላቸውን ድምፅ ወደ ሁለት ቻናል አሳንሰው ነው የሚያወጡት። ፍላሽ ላይ ያለ ፊልም በራሱ በቴሌቪዥኑ ከፍታችሁ ሞክሩ፣ ልዩነቱ ይታወቃችኋል። በሁለት ቻናል ለሚመጣ የቲቪ ፕሮግራም ደግሞ አምፑ ውስጥ ያለው ፕሮሎጂክ ቱ፣ ሁለቱን ቻናል ለሁሉም ስፒከሮች የሚያከፋፍለው፣ ንግግሩን ለይቶ ወደ መሃል ስፒከር ይልከዋል።

አቀማመጡን በአጭሩ ልንገራችሁ። ብዙዎቻችን ሶፋውን ግድግዳ አስደግፈን ስለምንቀመጥ ለኋላ ስፒከር ቦታ የለንም። ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ፣ ከጆሮ ከፍ አድርጋችሁ በፊሸር ስቀሏቸው። ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የተገለበጠ ሽቦ እንዳይኖር ደግሞ 1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ወስዳችሁ የሽቦዎቹን ጫፍ አስነኩ። ፖዘቲቩ ከቀዩ ጋር ከሆነ የስፒከሩ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋል። ወደ ውስጥ ከሳበ ተገልብጧል። የእኔ አንዱ ተገልብጦ ነበር፣ ለሳምንታት ንግግሩ ለምን ሳሳ እያልኩ ነበር።

ከመቀመጫችሁ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለውን ርቀት በሜትር ለክታችሁ አምፑ ውስጥ አስገቡ። ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አምፑ ቅርብ ያለውን ትንሽ አዘግይቶ ሁሉም እኩል እንዲደርሱ ያደርጋል። ያገለገለ አምፕ ሲሸጥ ይህን በራሱ የሚለካበት ማይክ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ በዚህ አትጨነቁ። በእጅ የተለካው ይሻለኛል፣ ምክንያቱም ምን እንዳደረግኩ አውቃለሁ። ትንንሾቹ ስፒከሮች ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ለሳብውፈሩ እንዲለቁ አደርጋለሁ። ወለላችን ሴራሚክ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባ ነበር፣ ምንጣፍና ወፈር ያለ መጋረጃ ከማንኛውም ማስተካከያ በላይ ጠቀሙኝ።

እማዬ ባለፈው እሑድ መጥታ ነበር። ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ ድራማ ስታይ "ምን አለ?" እያለች ነው የምትጨርሰው። የመሃሉን ስፒከር በሦስት ዴሲቤል ከፍ አደረግኩላት። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዴም አልጠየቀችኝም። ቡናዋ እጇ ላይ ቀዝቅዞ ነበር።

አሁን የቀረኝ የቀኙ የኋላ ስፒከር ነው። ዙሪያው ያለው ስፖንጅ በእርጅና መፈረካከስ ጀምሯል፣ በጣት ስነካው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል። በ5 ኢንች ልክ ምትኩን የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ቅዳሜ እወጣለሁ።