የሰልማ ድልድይ

ዘመናዊ የአሜሪካ ታሪክ ስማር አንድ ቁጥር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፤ 381። ሮዛ ፓርክስ የተባለች ጥቁር ሴት የአውቶቡስ መቀመጫዬን ለነጭ አልለቅም ብላ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1955 ከታሰረች በኋላ፣ አላባማ ውስጥ ያለችው የሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች አውቶቡስ ሳይሳፈሩ የቆዩት ለ381 ቀን ነው። ቦታውን ካላየሁ ብዬ ከአክስቴ ጋር ከአትላንታ ተነሳን።

ሞንትጎመሪ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥቂት እንደተራመድኩ ላብ አጠመቀኝ። እነሱ እንዲህ ባለው ሙቀትም በብርድም፣ ሲሠሩ ውለው ነው በእግር ቤታቸው የገቡት። መኪና ያለው የሌለውን ያደርስ ነበር፤ ለዚህም መሳፈሪያ ቦታዎች ተለይተው ነበር። ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ መምህርት ደግሞ የጥሪውን ወረቀት በአንድ ሌሊት በአሥር ሺዎች አባዝታለች። የማርቲን ሉተር ኪንግን ንግግር ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ስታባዛ ያደረችውን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳታለን? ይሄ ያንገበግበኛል።

በማግስቱ ወደ ሰልማ ነዳን። በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የመምረጥ መብት የጠየቁት ጥቁር ሰልፈኞችና ደጋፊዎቻቸው በ1965 ከሰልማ እስከ ሞንትጎመሪ ያለውን 54 ማይል በእግራቸው የጨረሱት በአምስት ቀን ነው።

ኤድመንድ ፔተስ ድልድይ ዛሬም የሚጠራው በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን ለማቆየት ለቆሙት ደቡቦች በተዋጋ ጄኔራል ስም ነው። መሃሉ ጎበጥ ብሎ ከፍ ይላል። ከከተማው በኩል ሲነሱ ማዶው አይታይም። ክፍል ውስጥ ስማር ይሄ አልገባኝም ነበር። ማርች 7 ቀን፣ በመጀመሪያው የሰልፍ ሙከራ፣ ወደ 600 የሚሆኑ ሰዎች ምን እንደሚጠብቃቸው ሳያዩ ወጡ። ዱላና አስለቃሽ ጭስ የያዙት ፖሊሶች ተሰልፈው የታዩት ከአናቱ ላይ ሲደርሱ ነው። ሰልፉን ከመሩት አንዱ፣ ያኔ የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ጆን ሉዊስ፣ የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ።

ኦገስት ላይ የመምረጥ መብት ሕጉ ተፈረመ። ኦክቶበር ላይ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሕጉ ተቀየረ። የድሮው ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህንን ለአክስቴ እየነገርኳት ድልድዩን ወጣን። ጉልበቷን ያማታል፤ መኪና ውስጥ ጠብቂኝ ብላት እምቢ ብላ ነው።

አናቱ ላይ ስንደርስ ቆመች።

«ከዚህ ላይ ነው ያዩዋቸው?»

«አዎ አክስቴ።»

«አይተውም አልተመለሱም?»

«አልተመለሱም።»

ነጠላዋን አስተካክላ ቁልቁለቱን ጀመረች።