በዩታ በረሃ የአየር ፖስታ ቀስቶችን ፍለጋ

ሴንት ጆርጅ ከተማ፣ ብሉሚንግተን ከሚባለው ሰፈር በላይ ካለው አፋፍ ላይ የተዘረጋው፣ ለአብራሪዎች አቅጣጫ ይጠቁም የነበረው የአርማታ ቀስት ቁጥሩ 37ኤ ነው። የፖስታ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ይመላለስበት የነበረው የሎስ አንጀለስ–ሶልት ሌክ ሲቲ መስመር አካል ነው። ቁጥሩ ርቀቱን ይነግራል፦ 37 ማለት በመስመሩ ላይ ከሎስ አንጀለስ ወደ 370 ማይል ግድም፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ማለት ነው።

አብዛኛው ጎብኚ የቀስቱን ፎቶ አንስቶ ይመለሳል። እኔ ቀድሜ የምፈልገው ቀስቱ ላይ ይቆም የነበረውን የመብራት ማማ እግሮች ቦታ ነው። በእነዚህ ጣቢያዎች 15 ሜትር ተኩል ቁመት ያለው የብረት ማማ ይቆም ነበር። አናቱ ላይ የነበረው 61 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፓውዛ በደቂቃ 6 ጊዜ ስለሚዞር አብራሪው በየ10 ሰከንዱ ብልጭታ ያይ ነበር። ከሥሩ የነበሩት አነስተኛ መብራቶች ደግሞ የቁጥሩን የመጨረሻ አሃዝ በሚወክል የሞርስ ፊደል፣ ማለትም በረጅምና በአጭር ብልጭታ ይናገሩ ነበር፤ 7 ከሆነ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። አረንጓዴ ከሆኑ አጠገቡ የድንገተኛ ማረፊያ ነበረ፤ ቀይ ከሆኑ አልነበረም። በቀስቱ ጭራ በኩል የምታዩት ንጣፍ የጄኔሬተር ቤት መሠረት ነው። ኤሌክትሪክ በደረሰበት ቦታ ግን ቤቱ አያስፈልግም ነበር።

ለእኔ ትልቁ ደስታ ከአንዱ ቀስት ተነስቶ ቀጣዩን ማግኘት ነው። ቀስቶቹና የመብራት ማማዎቹ በአማካይ በ16 ኪሎ ሜትር ርቀት ነው የተተከሉት። ከጭራው በስተኋላ ጥቂት ሜትር ራቅ ብላችሁ በኮምፓስ ወደ ጫፉ አነጣጥሩ፤ ላዩ ላይ ከቆማችሁ የቀረ ብረት ካለ መርፌውን ይስበዋል። እዚህ አካባቢ መግነጢሳዊው ሰሜን ከእውነተኛው ወደ ምሥራቅ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚያዘነብል፣ ባነበባችሁት ላይ 10 ጨምሩ። ይህ ከተረሳ 16 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርሱ 2.8 ኪሎ ሜትር ትስታላችሁ፤ ሸለቆ በበዛበት አገር ሌላ ተራራ ላይ ወጥቶ ባዶ እጅ መመለስ ነው። መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ጭራና ጫፍ ላይገጥሙ ስለሚችሉ፣ ጫፉን እመኑ።

ከዚያ አቅጣጫውን ሳተላይት ካርታ ላይ አስምራችሁ የኮረብታ አናቶችን አንድ በአንድ እዩ። ከ15 እስከ 21 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ጠርዝ ካያችሁ አጉሉት። የድሮ ሰነዶች ላይ ቦታው በዲግሪና በደቂቃ ብቻ ከተጻፈ፣ አንድ የኬክሮስ ደቂቃ 1.85 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ዙሪያውን በሰፊው ፈትሹ።

ስንጥቅ ውስጥ ጥፍር የምታህል ቢጫ ቀለም ብታገኙ አትፋቁት፤ ቀስቶቹ በመጀመሪያ ደማቅ ቢጫ ነበሩና ከዚያ ዘመን የተረፈ ሊሆን ይችላል። አዲስ ቀለም መቀባት ደግሞ ይህንኑ ምልክት ይሸፍነዋል፣ እባካችሁ ተዉት። ከመውጣታችሁ በፊት መሬቱ የግል መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ዝናብ በጣለ ማግስትም አትሂዱ፤ የሸክላ አፈሩ ጎማው ላይ ተለጥፎ መኪናውን ያንሸራትተዋል።