ሲስተምን በዳያግራም መሳል፦ እስካሁን የያዝኩት

ሰሞኑን ውስብስብ የሶፍትዌር ሲስተሞችን በዳያግራም መሳል እየተለማመድኩ ነው። እስካሁን የጠቀመኝን ላካፍላችሁ።

ለአጠቃላይ ገጽታ የሶፍትዌር ባለሙያው ሳይመን ብራውን ያወጣው ሲ4 (C4) የሚባል የአሳሳል ዘዴ ተመችቶኛል። አራት ደረጃ አለው፦ ሲስተሙ ከእነማን ጋር እንደሚገናኝ፣ በውስጡ ያሉት አፕሊኬሽኖችና ዳታቤዞች፣ የእነሱ ክፍሎች፣ ከዚያ ኮዱ። የመጨረሻውን እዘለዋለሁ። ኮድ በየጊዜው ስለሚቀየር ስዕሉ ቶሎ ያረጃል።

ሶፍትዌርን በስዕል ለመግለጽ የወጣው መደበኛ የአሳሳል ቋንቋ፣ ዩኤምኤል (UML)፣ ደግሞ ሰፊ ነው። ስሪት 2.5 ላይ 14 ዓይነት ዳያግራም አለ። እውነት ለመናገር አብዛኛውን አልነካሁትም፤ የሚያስፈልገኝም አይመስለኝም።

ከሁሉም በላይ የሠራልኝ ስቴት ዳያግራም ነው፦ አንድ ነገር የሚያልፍባቸውን ሁኔታዎች በሳጥን፣ ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገሩን በቀስት የሚያሳይ። የኦንላይን ትዕዛዝን እንውሰድ፦ «ተፈጥሯል»፣ «ክፍያ እየተጠበቀ ነው»፣ «ተከፍሏል»፣ «ተልኳል»፣ «ተሰርዟል»። እያንዳንዱ ሳጥን ላይ ቆሜ «እዚህ እያለ ምን ሊመጣ ይችላል?» እላለሁ። ደንበኛው ከሰረዘ በኋላ «ክፍያው ተሳክቷል» የሚል መልእክት ዘግይቶ ቢደርስስ? ኮድ የሚያሳየው የተጻፈውን ነው፤ ያልታሰበውን አያሳይም። ስዕሉ ላይ ግን ከ«ተሰርዟል» የሚወጣ ቀስት እንደሌለ አፍጥጦ ይታያል። «ገንዘብ እየተመለሰ ነው» የሚል ሳጥን ሊጨመር ነው ማለት ነው።

አንዳንዴ ይህንኑ በሰንጠረዥ እሠራዋለሁ። ሁኔታዎቹ ወደ ታች፣ ክስተቶቹ ወደ ጎን። 5 ሁኔታና 4 ክስተት ካለ 20 ክፍት ቦታ አለ። ሁሉም መሞላት አለበት፤ «አይቻልም» ተብሎም ቢሆን። አሰልቺ ነው፣ ግን ምንም አያመልጠውም። ቀስቶቹ ሲበዙ ደግሞ የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ዴቪድ ሃረል በ1987 ያቀረበው ዘዴ ይገላግላል፦ ሳጥንን በሳጥን ውስጥ መክተት። ከሦስት ሁኔታዎች መሰረዝ ከተቻለ ሦስቱን በአንድ ትልቅ ሳጥን አስገብቶ አንድ ቀስት ማውጣት ይበቃል።

ቀስት ላይ ግን ጽሑፍ ይኑር! ባዶ ቀስት «ማን ማንን ይጠራል» ይሁን «ዳታው ወዴት ይሄዳል» አይለይም። ሁለቱ አቅጣጫቸው ሊቃረን ይችላል፤ ዳታ የሚጠይቀው አንዱ ሆኖ ዳታው የሚፈሰው ወደ ጠያቂው ስለሆነ።

ለመሳያ መርሜድን (Mermaid)፣ ጽሑፍን ወደ ዳያግራም የሚቀይር መሣሪያ፣ እጠቀማለሁ። ዳያግራሙ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከኮዱ ጋር ጊት (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮድ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ጊትሃብም ከ2022 ጀምሮ በቀጥታ በስዕል ያሳየዋል። ሳጥኖቹን የሚደረድረው መርሜድ ራሱ ነው፤ ሲበዙ ይተረማመሳል። እኔ ያኔ ዳያግራሙን ለሁለት እከፍለዋለሁ።

ቀጥሎ ሲኩዌንስ ዳያግራም (በክፍሎች መካከል የሚላኩ መልእክቶችን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚያሳይ) ላይ ነኝ፤ በተለይ መልስ ሳይመጣ ሲቀርና ጥያቄው በድጋሚ ሲላክ ያለውን። ደንበኛው ሁለቴ የሚከፍለው እዚያ ጋ ነው። የሠራችሁት ካለ ወዲህ በሉ።